አሥራ ሰባት ሰው

ከዋናው ጎዳና ወደ ሰሜን ታጥፎ፣
የበቆሎውን ማሳ፣ የዛገውን ሐዲድ አልፎ፣
አንድ ሰሌዳ አለ፣ በአዳኝ ጥይት ተነድፎ፤
«ቴልማር፣ ነብራስካ፤ አሥራ ሰባት ሰው» ይላል ተጽፎ።

እኔ ቆጣሪ ነኝ፤ መዝገቤ በብብቴ፣
መታወቂያዬም በደረቴ፣
«ለምሳ እመለሳለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት ከቤቴ።
በሩን የከፈተችው ቬርላ ፕሮሃስካ ናት፤
ከንቲባዋ እሷ፣ ጸሐፊዋም እሷ፣
የውኃው ቱቦ ሲፈነዳም ቆፋሪዋ ራሷ።
«ጫማህን ጠርገህ ግባ» አለችኝ፣ «ጭቃ ነው መንገዱ፤
ስንት ናችሁ አትበል፤ እነማን ናችሁ በል፣ ያኔ ይወጣል ጉዱ።»

ጻፍኩ። ወንድ ዘጠኝ፣ ሴት ስምንት፤
ለመቶ ሴት ሲሰላ፣ ወንዱ መቶ አሥራ ሁለት
ተኩል።
«ተኩሉ ማነው?» ብላት ሳቋ አመለጣት፤
«ሜርል ነዋ! ሦስት ቀን ሆስፒታል፣ የቀረውን እኛው ጋር፤
በኩላሊት ማጠቢያውና በትራክተሩ መሃል ተከፍሎ የሚያድር።»

ቤተሰቡ ዘጠኝ፤ አካፈልኩት፤ ለአንድ ጣሪያ ደረሰው
አንድ ነጥብ ስምንት ዘጠኝ ሰው።
ሎውል ቤት ስገባ ግን፣ ያ ነጥብ ስምንት ዘጠኝ
የሟች ሚስቱ ካፖርት ነው፣ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ የጠበቀኝ።
«ይቀመጥ» አለ፣ ዓይኔን አይቶ፣ «ቦታ አልያዘብኝ።»

ዕድሜ። መካከለኛው ስድሳ አንድ።
አርዲስ ሰማንያ ስድስት፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው፤
«መቼ ተወለድሽ?» ስላት፣ «አቧራ ሰማዩን የዋጠ ጊዜ ነው።»
ብሪን አሥራ ሰባት፤ «ከአሥራ ስምንት በታች» በሚለው አምድ
ብቻዋን ቁጭ ብላለች፣ አምስት ነጥብ ዘጠኝ በመቶ ሆና፤
ትምህርት ቤቷ አርባ ማይል ነው፤ ሾፌሩ ለሷ ብቻ ይመጣል፣ ሳይነጋ ገና።
«መስከረም ላይ» አለችኝ ማስቲካዋን እያኘከች፣ «አምዱን ይዤው ነው የምሄድ።»

ሥራ። ሁለት የከባድ መኪና ሾፌር፣ አንድ ብየዳ፤
ፖስታ ቤቱ በቀን ሁለት ሰዓት፤ የቀረው ጡረታና የማሳ ዕዳ።
ገቢ። ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዶላር፣ መካከለኛው፤
የእህል ጎተራው ሲዘጋ ለጎደለው ግን፣ ቅጹ ቦታ የለው።

ከድህነት ወለል በታች፣ አንድ ቤት።
ቁጥር እንዲህ ሲያንስ በሕግ ይሸፈናል፣ በኮከብ ምልክት፣
ማንነቱ እንዳይታወቅ። ቴልማርም የራሷ ኮከብ አላት፤
በዚያ ቤት ማቀዝቀዣ፣ በየኅዳሩ፣ የግማሽ አሳማ ሥጋ ይገባል በሌሊት።
ማን እንዳስገባው አልተጻፈም። ማን እንደበላም።
ጠየቅኋት ቬርላን። መስኮቱን አየች እንጂ አልመለሰችልኝም።

ማታ በረዶ ጣለ፤ ጸደይ ገብቶም በረዶ! መንገዱ ተዘጋ፤
ሶፋዋ ላይ ተኛሁ፣ ድመቷ እግሬ ላይ፣ እስኪነጋ።
ጠዋት ሳይ ሰሌዳውን፣ ሰባቱን ሰርዛ በጠመኔ፣ ስምንት አድርጋዋለች።
«ሕጉ እኮ» አልኳት፣ «የሚቆጠረው ሰው ሁልጊዜ የሚኖርበት...»
«እንቁላልህ ይቀዘቅዛል» አለች።

ሪፖርቱ ታተመ፤ አሥራ ሰባት ይላል፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።
አርዲስ ግን በጥር ተቀብራ፣ ብሪንም አምዷን ይዛ ሄዳ፣
አሥራ አምስት እንደሚቀሩ፣ መደመር መቀነስ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሰሌዳው ታድሷል፤ ቀለሙ አዲስ፣ የጥይቱ ቀዳዳ እንዳለ፤
«ቴልማር፣ ነብራስካ፤ አሥራ ስድስት ሰው» አለ።
አንዱ ማነው? ብዬ አልወረድኩም።
ፍጥነቴን ቀነስኩ ብቻ፣ ሰፈሩ እንደደረሰ ሰው።