ሦስት መስመር

ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ቁጥር በቀይ ይበራል፤
«በሰዓት ስልሳ ኮሌታ» ይላል፣
ከትናንቱ በአራት ይበልጣል።

እሱ የእነሱ ነው።
የእኔ እዚህ ነው፣ ከሽርጤ ኪስ ውስጥ፣
ከክር ካርቶን ላይ የቀደድኩት፣ ከመዳፌ የማይበልጥ፤
ሦስት መስመር ብቻ፣ በእርሳስ የተጻፈ፣
ማታ የሚሰረዝ፣ ወይ ወደ ነገ ያለፈ።

የሰኞው፦
አንድ፣ የታሪኬን ሁለት መቶ ብር መመለስ፤
ሁለት፣ የቀኝ ጫማዬን ለሊስትሮው ማድረስ፤
ሦስት፣ ሐይቁን ሳይመሽ ማየት።

አራት ነን በአንድ ክፍል፣
ኪራዩን፣ ባልዲውን፣ ጉንፋኑን የምንካፈል፤
ብዙነሽ ከሶዶ፣
ታሪኬ ከአለታ ወንዶ፣
ዱካሌ ከለኩ፣ እኔ ከዱራሜ።
አንድ ማታ አዩኝ፣ ጉልበቴ ላይ ስጽፍ ከነድካሜ።
«የአምስት ዓመቱ አልበቃ ብሎ፣
ደግሞ የአንድ ቀን ዕቅድ?» አለች ብዙነሽ፣
ሳቋ ግድግዳውን ዘልሎ።

ድሮ ትልቅ ዕቅድ ነበረኝ፦
ዲግሪ፣ የራሴ ሱቅ፣ ለአባቴ የቆርቆሮ ቤት።
እንደ ሰፊ ቁም ሳጥን ግን በበሬ አልገባ አለ፤
ደጅ ከረመ፣ ዝናብ ጠጣ፣ አብጦ ተንጋለለ።
ይሄኛው በኪስ ይገባል፤
ላብ ቢነካውም ይነበባል።

ረቡዕ መብራት ጠፋ።
ሦስት መቶ የስፌት መኪና ባንድ ጊዜ ዝም ሲል፣
ጆሮ ይጮኻል፤ እጅ ባዶ አየር ይሰፋል።
ወረቀቴን አወጣሁ። ወንድማገኝ፣ ተቆጣጣሪው፣
ከየት መጣ ሳልል፣ በትከሻዬ በኩል አየው።
«ምንድን ነው? አቤቱታ ነው?»
ተቀበለኝ፤ አነበበው፦
አንድ፣ ለእናቴ መደወል፤
ስለ እግሯ ብቻ መጠየቅ፣ ስለ ገንዘብ አለማውራት።
እዚያው ላይ ቆመ። ምንም አላለም፤
በራሱ እጥፋት አጥፎ መለሰልኝ።
መብራቱ ገና አልመጣም።

የሚሰረዝ አለ፣ የማይሰረዝ አለ።
የታሪኬ ብር ተከፈለ፤
ጫማዬ ተለጠፈ፤
እናቴ ስለ እግሯ ትታ፣ ስለ ዶሮዎቿ አወራችኝ
ካርዴ እስኪያልቅ።
ሐይቁ ግን ከወረቀት ወረቀት ሲሻገር ሰነበተ፤
ትርፍ ሰዓት ይመጣል፣ ሰርቪሱ ይቆያል፣ እሑድ ይዘንባል፤
ሐዋሳ ተቀምጦ፣ ሰው ሐይቅ ሳያይ ይከርማል።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ በአሥር ሰዓት ለቀቁን።
«ልብስሽን ሳታጥቢ?» አለችኝ ታሪኬ።
ባጃጁ ውስጥ ገብቻለሁ።

ዳርቻው ላይ ሁለት አባ ኮዳ፣ አንገታቸውን ቀብረው፣
ደመወዝ የዘገየባቸው ዘበኞች መስለው።
አንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይፈታል፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ይዞ።
ውሃው መጀመሪያ ነሐስ፣
ኋላ የቀጠነ ሻይ፣
ኋላ ስም የለውም።
ስንት ደቂቃ ቆምኩ? ሰሌዳ እዚያ የለም፤
አልጠየቀኝም ማንም።

ልሰርዝ ኪሴን ዳሰስኩ፤ እርሳሴ ከሽርጤ ቀርቷል።
በጥፍሬ ጫርኩት። ይበቃል።

ስመለስ፣ ድንጋዩ ላይ፣ የቀኙ ሶል ተገነጠለ።

እሑድ፣ መስመር አንድ፦
ጫማዬን፣ እንደገና፤
አሁን በማስቲሽ ሳይሆን
በክር።