ጥቁሩ ቀድሞ አለቀ

ሐሙስ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣
ከሆስፒታሉ ጓሮ፣ ከአሮጌው መጋዘን ጥላ፣
ዘጠኝ ሴቶች ሆነን እንቀመጣለን
በአንድ ረጅም ጣውላ።

ይህን ነገር ሐኪሙ «ድባቴ» ይለዋል፤
አማቴ «ስንፍና» ትለዋለች፤
ጎረቤት «ዓይን ነው» ብሎ ይምልበታል።
እኔ ስም አላወጣሁለትም፤
ስም ያለውማ ሲጠሩት ይመጣል፣
ይኸኛው ሳልጠራው
ከአልጋዬ ግርጌ አድሮ ይጠብቀኛል።

ወረቀት ከየት ይምጣ? ሲስተር ትብለጥ
የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዳ፣ አቧራውን ደጅ አራግፋ ታድለናለች።
«የመጣላችሁን ሳሉ፤ ቆንጆ ይሁን አላልኩም» ትላለች።
እጃችን ግን እንግዳ ቤት እንደገባች ልጅ
ከጉልበታችን ላይ አልነሳ አለች።

አንጓች ከወለቃ፣ ጭቃ ስታቦካ ያደገች፣
ከሁላችን በፊት እሷ ደፈረች፤
ድስት ሳለች። ክዳን የሌለው ድስት።
ቀጥላ እሳት።
ቀጥላ እሳቱን በአውራ ጣቷ አጠፋች።

ዘሀራ፣ የአዲስ ዓለሟ፣ የሞተባትን ልጅ አልሳለችም፤
ጫማውን፤ አንድ እግር ጫማ፤ ማሰሪያው የተፈታ።
«ሌላኛውስ?» አልናት።
«እየፈለግሁት ነው» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ደብሬ አምስት ሳምንት ባዶውን መለሰች፤
በስድስተኛው፣ ከዳር፣ አንዲት ነጥብ፣ ከጤፍ ያነሰች።
ሲስተር ትብለጥ ቀን ጻፈችበት፤
እንደ ሌላው ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለች።

እኔ ጥቁር ብቻ ነበርኩ፤
ከዳር እስከ ዳር ከረጢቱን ከል አለበስኩ።
«ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ማታ» አልኩ።
ማታ ግን አልነበረም። ማታስ ይነጋል።

ሁላችን ጥቁር ስንል ጥቁሩ ቀድሞ አለቀ፤
የቢጫው ጣሳ ክዳኑ እንኳ አልወለቀ።
«ከፒያሳ ይገዛል» ተባለ፤ ፊርማው ራቀ።

ይሄኔ አንጓች
ቀዩን ከሰማያዊ፣ ቢጫውን ከአረንጓዴ ቀላቅላ መትታ፣
እስከ ክርኗ ዘፍቃ፣ አሽታ፣
«እንኪ ጥቁርሽን!» አለችኝ፣ ጣሳውን ወደ እኔ ገፍታ።

አየሁት።
ጥቁር ነው። ከጣሳው ጠርዝ ግን
ገና ያልተዋጠ ቀይ፣ እንደ ጃኖ ጥለት የቀጠነ።
ታዲያ ያ ከአልጋዬ ግርጌ የሚያድረው
ይህን ሁሉ በልቶ ኖሯል የጠቆረው?

አልዳንኩም። ውሸት አልወድም።
ክኒኔን እውጣለሁ፤ እሑድ ጠበል እጠመቃለሁ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የጣሪያውን ምስማር እቆጥራለሁ።
ሐሙስ ግን፣ ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ባጃጅ ስጠብቅ፣
ድንጋዩን ትክ ብዬ አይና
«ይህን ግራጫ ከስንት ቀለም አቡክተውት ይሆን?» እላለሁ።

ቤት ስገባ አማቴ ጥፍሬን አየች።
«ምን ነክተሽ ነው?» አለች።
ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። አልለቅም አለ።
«ቀለም ነው» አልኳት።
ለምን እንደሆን እንጃ፣
እሷም የራሷን እጅ ገልብጣ አየች።