ፀሐይ ሟቂ

ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤን ስከሰው፣
አንዱ «ብርድ ነው» ሲል፣ አንዱ «ዕድሜ» ሲለው፣
በመርካቶ ጓሮ፣ በጠባቧ ሱቄ፣
ሲንጀሬን ስረግጥ ባምፖል ብርሃን ሞቄ፣
ጎህ ሳይቀድ ገብቼ፣ ሲመሽ ስቆልፈው፣
ፀሐይን ሳላያት ሳምንቱን ሳሳልፈው፣
ሦስት ደረጃ ብቻ፣ የመስጊዱን መውጫ፣
ጉልበቴ እምቢ ብሎ ፈለገ መቀመጫ።

ገና ልጅ እግር ናት የመረመረችኝ፤
ከደሜ የወጣ ቁጥሬን ነገረችኝ።
«አሥራ አንድ ነው» አለች፤ «ሠላሳ ነው ደንቡ።
ፀሐይ ነው፣ አባባ፣ የአጥንትዎ ረሃቡ።
ቫይታሚን ዲ ይሉታል፣ ቆዳ ላይ ነው ማዕዱ፤
ፀሐይ ካልዳሰሰው ጦሙን ያድራል ክንዱ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ካርዱን አሳየኋት፦
ሸምሱ አባ ጊሳ። ትርጉሙን ነገርኳት፤
ፀሐይ ብላኝ ነበር እናቴ በዓረብኛ፣
የልጄም ስም ብፍቱ፣ ፀሐይ በኦሮምኛ።
ሁለት ፀሐይ አድሮ ባንድ ቤት ጣሪያ ሥር፣
ምን ሲል መጣ ይሆን የፀሐዩ ችግር?
እሷም ፈገግ አለች።
ቁጥሩ ግን አልሳቀም።
«ብቻዎን አይደሉም» አለችኝ ስወጣ፤
«ከጧት ወዲህ እንኳ ሰባተኛው መጣ።»

ሰማዩን አልከስም። ክረምቱ ቢከብድም፣
አዌቱ ቢደፈርስ፣ ካልሲ እንኳ ባይደርቅም፣
ፀሐይስ ወጥታለች በየመሀሉ፤
ጥላ የዘረጋን እኛ ነን በሙሉ።
ተማሪዋ ብትወጣ «እጠቁራለሁ» ብላ፣
ጥላ ይዛ ትሄዳለች ከጥላ ወደ ጥላ፤
የባንኳ ጸሐፊ መስኮቷን ጋርዳ፣
ነጋ ጠባ ትቆጥራለች የሌላ ሰው ዕዳ፤
እኔም በበኩሌ ቆርጬ ስሰፋ፣
እጅጌ ሳስረዝም፣ ቀኔ ሁሉ ጠፋ።
የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤
የሸምሱን ልጅ፣ የሸምሱን አባት፣ ሸምሱንም ራሱን
ፀሐይ ጠማው፣ ይኼም ይነገር።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፣ ወደ ቤት ስመለስ።
ብፍቱ ዐርባ ሳይሞላት፣ ሰዓዳ ማልዳ፣
ቅቤ ቀባብታት፣ ከቤቱ በረንዳ፣
ሆዷን አሙቃላት፣ ጀርባዋን ገልብጣ፣
«አጥንቷ ይጥና» ስትል፣ ከየት ነው የመጣ
ይኼ ሁሉ ዕውቀት? ማን ነበር ሐኪሟ?
ለልጅ ያወቀችውን መች ሰጠች ለዐፅሟ?
እኔስ መች ሰጠሁ?

አሁን፣
ኪኒኗን በሳምንት አንድ ቀን እውጣለሁ፤
አራት ሰዓት ሲሆን በርጩማዬን ይዤ ከደጅ እወጣለሁ፤
እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ ድረስ፣
ሲንጀሩ ዝም ብሎ፣ ክሩ ሳይበጠስ።
አላፊው ያየኛል። «ሸምሱ ምን ነካው?» ይላል፣
«ሰው በሥራ ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል?»
ትናንት ቶፊቅ መጣ፣ ባጃጁን አቁሞ፣
«ሱሪዬስ?» አለኝ፣ ፊቱን አጨልሞ።
«ይደርሳል» አልኩት። «ቁጭ በል።
ስሜን እየሞቅሁ ነው።»

ቁጭ አለ። ከጅሬን በኩል ደመና ተነሣ፣
ገና ክንዴ ሳይሞቅ።
እኛ አልተነሣንም።