ሦስት ፊደል

ቲሳ ወንዝ ሞልቷል፤ ሴገድ ዝናብ ላይ ናት፤
ፒሮሽካ መስኮቱን ዘጋችው፣ ሥራ አለባት።
ከፕሮቲኑ ሐረግ፣ ከሺህ ፊደላቱ፣
ሦስቱን ትፈልጋለች፤ ካልታጠፈው ጫፍ ላይ
«አፍርሱኝ» የሚሉቱ።

ሦስት ፊደል ምን አላት? በየትም ትገኛለች፤
ሺህ ቦታ ተጽፋ አንድ ቦታ ትሠራለች።
ማን አየ ትላለች፣ በየትኛው ሙከራ?
ፊደሏ ስትለወጥ ፕሮቲኑስ ተርፏል ወይ? ንገሩኝ በተራ።

ዛሬ ግን መዝገቡን ወደ ኋላ ስትገልጥ
አንዷን አገኘቻት፣
በራሷ እጅ የገባች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፤
ምስክሯ አንድ ጽሑፍ፣
የኤሌሜር፣ የሟች ባሏ፣
ሦስት ቤተ ሙከራ ፈልጎ ያጣት።

አልሰረዘቻትም።
«ሐሰት» ብላ ጻፈች፣ ቀን ጨመረች፤
ሌላው እንዳይስት ስሕተትም አድራሻ ይኑረው አለች።
ከዚያ ስሙ ላይ
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል
ዝናቡ እስኪያባራ አየች።