አንድ ስምንተኛ

ኮሊን፣
ከዋልታው ነፋስ መጥቶ የሳውዝላንድ ቆርቆሮ ሲንቋቋ፣
ከበግ መሸለቻው ጀርባ፣ በአንድ ወፍራም ሳንቃ፣
አውሮፕላንህን እየሠራኋት ነው።
ሁሉንም ለስምንት ነው የማካፍለው፤
ክንፏን ለስምንት፣ ጎማዋን ለስምንት፣
የወንበርህን ቆዳ፣ የበሯን ማጠፊያ፣ ሁሉንም ለስምንት።
ያልተካፈለ ቢኖር እኔ ነኝ፤ ሙሉ ሰማንያ ሦስት።

ጎድኗን ከባልሳ በቀጭኑ ቆረጥኩ፣
እያንዳንዷን ለክቼ፣ ደግሜ ፋቅኩ፤
ብርጭቆ ወረቀቱ ጣቴን እስኪልሰው፣
የቀረኝን አሻራ እስኪደመስሰው።
ሐኪሟ «እጅህ ይንቀጠቀጣል» ትላለች፤
ወረንጦ ሲጨብጥ ቀጥ ሲል መች አየች?
ኮላው እስኪጠብቅ ሌሊቱ ሲረዝም
ያለፈ ሳምንት ጋዜጣ አነባለሁ፤ እንቅልፍስ የለኝም።

ታይገር ሞዝ። ስሟን ያወጡላት ነገር ያውቁ ኖሯል፤
በነብር ጀምረው በእሳት እራት ጨርሰውታል።
ለእኛ ግን ያን ጊዜ ስም ብቻ ነበረ፣
ጎኗ ላይ ተጽፎ ጭቃ የሸረሸረ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። የፊቱን ወንበር ነቅለው
ሣጥን ተክለውበታል፤ ማዳበሪያ የምጭነው እኔው።
አንተ ታርፋለህ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፤
እኔ እገለብጣለሁ፣ አቧራው ሲከፋ፤
አንተ ትነሣለህ፤ ከኮረብታው ወገብ
ነጭ ጉም ይወርዳል፣ ሣሩን ሊመግብ።
በቀን ሠላሳ ጊዜ፣ ሲበረታም አርባ፤
ምሳችን ቀዝቃዛ የበግ ሥጋ፣ ከመኪናው ጀርባ።

ያን ዕለት ከሰዓት ደመናው ከባሕሩ ተነሣ።
ሣጥኑ ሞልቷል። ሞተሩ ይጮኻል።
አንገትህን አወጣህ፣
ሁለት ጣት አሳየኸኝ።

ሁለት ከረጢት ጨምር ነው?
ሁለት ቀንስ ነው?
ሁለት ደቂቃ ቀረን፣ ዝናቡ ደረሰ ነው?
ወይስ እንዲያው፣ ቀኑ አለቀልን ብለህ
ስትስቅ የምታሳየው?

እኔ ጨመርኩ።

አጥሩን አለፍክ።
ጥዶቹን አላለፍክም።

መርማሪው ጠየቀኝ፣ «ጭነቱ ስንት ነበር?»
«የተለመደው» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አልነበር።
እናትህ ከመቃብርህ አፍ ላይ እጄን ይዛ አለቀሰች፤
ይህንኑ እጅ፤ እንዲያውም ሳመች።
ከዚያ ስልሳ ዓመት በግ ሸለትኩ፤ አገባሁ፤ ቀበርኩ፤
ጣት ቆጥሮ ለሚያወራ ሰው ግን ፊቴን አዞርኩ።

ማራማ አለች፣ የጎረቤት ልጅ፤
ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ
ትገባለች። የቬርኒሹን ሽታ ትወዳለች፤
ሐሩን በክንፏ ላይ ስወጥር ጠርዙን ይዛልኛለች።
ትናንት «አብራሪው የታል?» አለችኝ።
«ገና አልደረሰም» አልኳት።
የሣጥኗን ክዳን ከፈተች፤ በደንብ ይከፈታል፣ ማጠፊያው ከጥፍር ያንሳል፤
ሁለት ከረሜላ ልትጥልበት ስትል
ጮኽኩባት።
ደነገጠች። ከዚያ ከረሜላዎቹን
መዳፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች።
አንዱን በላሁት። አንዱ እዚህ አለ፣ ከመጋዙ አጠገብ።

ዛሬ ሽቦዎቿ ተስበዋል፤ በጥፍር ሲነኳቸው ይዘፍናሉ።
ላይኛው ክንፍና ታችኛው፣ እንደ ባልና ሚስት፣
ሳይነካኩ ተያይዘዋል።
የቀረኝ ሚዛን ነው፣ ኮሊን።
ትንሽ አውሮፕላን የሠራ ሁሉ ያውቃል፦
ከላይኛው ክንፍ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣
ሁለት ጣት ሰድደህ ታነሣታለህ።
አፍንጫዋ ቀና ካለ ጅራቷ ከብዷል፤
ከፊቷ እርሳስ ትጨምራለህ።

በእርሳስ የነደፍኳት፣ እርሳስ ነው የጎደላት፤
የጻፍኩባት ያው ነው፣ አሁን የሚከብዳት።
ከዓሣ መረቤ ላይ በቢላ ከረከምኩ፣
ከሞተሯ ሥር፣ በሰም አጣበቅኩ።
አነሣኋት። ጅራቷ ወረደ።
ሌላ ቁራጭ።
ጅራቷ ወረደ፣ ግን በዝግታ፣ እንደሚያመነታ ሰው።
የምስር ፍሬ የምታህል፣
አንዲት ቁራጭ።

ቀጥ አለች።
በሁለት ጣቶቼ ላይ።
አልጨመርኩም።
አልቀነስኩም።
እጄ እስኪዝል ድረስ ያዝኳት።