ግማሽ ምት ቀድሞ

ኮቤ ከወደቡ፣ ከባቡር ድልድይ ሥር፣
ፀጉር ቤት አለችኝ፤ ሁለት ነው ያላት ወንበር።
ደንበኛ ተቀምጦ ነጭ ጨርቅ ሳለብሰው፣
ከመስታወት በላይ፣ ፎቶው ውስጥ ያለ ሰው
ዓይኑን ይይዘዋል። «ቴትሱሮ ኦሪሃራ!
የፊልሙ ሰውዬ! ምን ሊሠራ
ጊታር አነገተ?»
«ዘፋኝ ነበር» ስለው፣ «አትቀልድ» ይለኛል፤
ዓይኑ ከበሮው ጋ ሲደርስ ግን ያልፈኛል።

አራት ነበርን ያኔ፤ «የዝናብ ፋኖሶች»፣
ወይን ጠጅ ከፋይ ኮት፣ እጅጌው ላይ ዘርፎች።
ኮቱን የገዛነው በብድር ነው፣ በወር፤
ላብ ሲነካው ደግሞ ቀለም ይለቅ ነበር፤
ከመድረክ ስንወርድ አንገታችን ሐምራዊ፣
የልጃገረዶቹ ጩኸት ግን፣ ሰማያዊ።

ድምፁ ጥሩ ነበር። ጥሩ ብቻ። አልዋሽም፣
ከሱ አሳምሮ የሚጮህ ዓሣ ሻጭ ወደቡ አያጣም።
ችግሩ ሌላ ነው። በዱላ ስቆጥር፣
«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ፣ አራትን ሳልጀምር፣
ግማሽ ምት ቀድሞኝ ዘሎ ይገባል እሱ፤
ሁለቱ ጊታሮች ከኋላ እየገሰገሱ፣
ባቡር እንዳመለጠው መንገደኛ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ባርመው፣ ባርመው፣ ያው አመለኛ።
አንድ ሌሊት ሰክሮ፣ «ከሦስት በኋላ» አለኝ፣
«ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

ሦስት ሸክላ ተሸጠልን፤ አራተኛው ቀረ።
(አራትማ መቼም አልሆነልን።)
የመጨረሻው ቀን፣ መደብር ጣራ ላይ፣
ዝናብ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ የከበደ ሰማይ፤
ካሥራ አንዱም አንዱ ጃንጥላ ሻጭ ነበር።
እኔ ያባቴን መቀስ ወረስኩ፤
እሱ ከፋይ ኮቱን ሽጦ ኪዮቶ ገባ፣
በቀን አበል ሊሞት፣ ደረቱን ቀይ ሊቀባ።

በሰይፍ ሞተ። በጥይት። በሳንባ ነቀርሳ።
አንዴም የቤተ መቅደስ ደወል ወድቆበት፤ ያስ አይረሳ።
እናቱ ሂሜጂ ሆና ፊልሙን ሁሉ ታያለች፣
ሙዚቃው ሲከብድ ግን ቦርሳዋን ታነሣለች፤
«ትቼው ስወጣማ በሕይወት ነበረ» ትላለች።

ኋላ ኩራሞቺ፣ አንካሳው ዳይሬክተር፣
አየበት ያን ጥፋት፣ የኔን የዘመን ችግር፤
ሌላው ተናግሮ ሳይጨርስ፣ መልሱ ፊቱ ላይ ይደርሳል፣
የሚመጣውን ጩቤ አስቀድሞ የሰማ ይመስላል።
«ማንም እንዳያርመው» አለ።
ማንም አላረመው።
እኔ በነጻ የሰደብኩትን፣ እሱ ከፍሎ ሸለመው።
ይህን ጋዜጣ ላይ ያነበብኩ ዕለት
የአንድ ደንበኛ ጆሮ በመቀስ ነካሁ።
ጥቂት ደማ። እውነተኛ ደም።

አሁን ሰባን አልፏል። እኔም።
ባለፈው ኅዳር ሱቄን ዘግቼ ሲኒማ ገባሁ፣
ዘጠነኛው ረድፍ፣ ከዳር።
መስማት የተሳነው መረብ ጠጋኝ ሆኖ ነው የሠራው፤
ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል የለውም።
ሚስቱ ሄዳለች። የሩዙ ሳህን ቀዝቅዟል።
ጣቱን አነሣ፣ ጠረጴዛው ላይ፣

አንድ።
ሁለት።
ሦስት።

ቆመ።
እንዲዘል ጠበቅሁት፤ ያውቃላ ጉልበቴ።
አልዘለለም።
ያ ባዶ ቦታ ሰፋ፣ ሰፋ፣
እሱም መሐሉ ተቀመጠ፣
ፈርቶ ይሁን ሳይፈራ እንጃ፣ ብቻ ሳይሸሽ።
አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ።

እኔ ግን አልቻልኩም።
ጉልበቴ ከፊቴ ያለውን ወንበር መታ፣
ግማሽ ምት ቀድሞ፣
ሴትዮዋም ዞር ብላ፣
«እባክዎ» አለች በሹክሹክታ፣ «ይጠብቁት እንጂ።»