ለይበልጣል መኪና

ከአባይ ድልድይ ወዲህ፣ ከባጃጆቹ ተራ፣
ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ሐይቁ የሚታይበት ሥፍራ፣
አንድ ጧት መጣ ይበልጣል፣ መኪናው እያጓራ።
ኮፋኖዋ አፍንጫ ያለው፣ ተርቦ የተገጠመላት፣
ቀይ ናት፤ አንዱ በሯ ግን ነጭ፣ ከሌላ ሬሳ የመጣላት።
በዕድሜ እሱን ትበልጠዋለች።

«ጋሼ አንሙት፣ ዘይት ቀይርልኝ።»
«ምን ዓይነት?»
ነገር የተጀመረው ይኼኔ ነው።

አጎቱ የኤፍ ኤስ አር ሹፌር፣ መተማ የሚመላለስ፣
«ሃምሳውን ግዛ፣ ወፍራሙን፣ ሞተር የሚያርስ፤
ቀጭን ዘይት ውኃ ነው» ብሎታል።
ስልኩ ደግሞ ሌላ ብሎታል፤
በረዶ ላይ የሚጋልብ የሩቅ አገር ጎረምሳ
«ሃያ ይበቃል» ይለዋል፣ ጠርሙሱን እያነሣ።
በሃያና በሃምሳ መሐል ቆሞ ልጁ
ቁልፉን ያሽከረክራል በእጁ።

አልመለስኩለትም። ወደ ሐይቁ ጠቆምኩት።
«ያን እንቦጭ ታየዋለህ? ትናንት እዚያው አየሁት
አንድ የዘጌ ሰው፤ ክንዱ እስኪዝል ገፋ፣
ታንኳው ቀሎ ሳለ በውኃው ውፍረት ለፋ።
ጧት ቁልፍ ስታዞር ሞተርህ ያ ሰውዬ ነው።
ዘይቱ ገና ታች ነው፣ ሶቶኮፓ ውስጥ ተኝቷል፤
ሃምሳ ከሆነ እየተጎተተ እስኪደርስ ከላይ
ብረት ብረትን ይፍቃል፣ አንተ ሳታይ።»

«ታዲያ ሃያ?»

«ሃያማ ይሮጣል። ለጧት ደግ ነው።
ግን የፎገራ ሜዳ ቀጥ ብሎ ሲጠራህ
እግርህ እንደሚከብድ መች አጣሁህ?
ተርቦው እንደ ፍም ሲቀላ
ቀጭኑ ይቀጥናል ሌላ፤
ብሮንዚናው ያኔ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ
አንዴ ከጮኸ አይድንም ታክሞ።»

ቆርቆሮ አወረድኩ፣ ጽሑፉን በጣቴ አስነበብኩት፦
አምስት፣ ደብሊው፣ አርባ።
«አምስቱ ለማለዳው ነው፣ ዘይቱ ፈጥኖ እንዲነሣ፣
አርባው ለቀትሩ ነው፣ ግሎም እንዳይረሳ
ውፍረቱን።
ግልገል አባይ፣ ይላሉ፣ ከሰከላ ሲመጣ
ጣና ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳይደባለቅ ይወጣ።
እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤
ሞተር ውስጥ ግን ይሆናል፤
ሁለት ብረት ሺህ ጊዜ ይተላለፋሉ ሳይነካኩ፣
መሐላቸው ያለው ወንዝ ከፀጉር ይሳሳል ልኩ።»

ዋጋውን ስነግረው ዐይኑ ፈጠጠ፤
«ጋሼ፣ ይኼ'ኮ ከጎማው በለጠ!»
«ስምህስ ይበልጣል አይደል? ይብለጥ።
የኔም አንሙት ነው፤ ሥራዬም እሱው።»

አንገቱን ደፋ። ከኋላ ወንበር ጀሪካን አወጣ፣
«ገዝቼ ነበር እኮ፣ በግማሽ ዋጋ የመጣ።»
ወርቃማ ነው፣ ማኅተሙ ያብረቀርቃል። ከፈትኩት።
መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤
ቃጠሎ ሸተተኝ።
የሌላ ሰው ሞተር፣ የሌላ ሰው አቀበት፣
በጨርቅ ተጣርቶ አዲስ ስም የለበሰ።
ምንም አላልኩ። ክዳኑን መልሼ ጠመዘዝኩ።
እሱም ምንም አላለ፤ ጆሮው ብቻ ቀላ።

አሮጌውን አፈሰስኩ፤ ጥቁር፣ ትኩስ፣ እንደ ቂም የማያልቅ።
ለሱ በርሜል አለኝ፤ ቦይ ውስጥ አልደፋም።
ቦዩ ሐይቅ ይገባል፣ እኔም ቆሮሶ እበላለሁ፤
ሐይቁ እንደ መኪና አዲስ ፊልትሮ አይገጠምለትም።

ቅዳሜ አመሻሽ ከወረታ ተመለሰ።
ማን እንደቀደመ አልጠየቅሁም፣ አልነገረኝም።
ሳያጠፋት ቆመ። አንድ ደቂቃ። ሁለት።
ተርቦው ቀስ ብሎ እንዲበርድ፣ ዘይቱ እንዲዞርበት።
ያ ቁልፍ የማያሳርፍ ልጅ
ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ሐይቁን ያያል፤
ሞተሯ ለራሷ ታንጎራጉራለች፣
ጉሮሮዋ እንደራሰ ሰው።

ከዚያ አጠፋት።
የእንቁራሪቶቹን ድምፅ ያኔ ሰማን፤
ለካ እስካሁንም እየጮኹ ነበር።